ከእትዬ የሺ ግቢ የወጣው ራዲያተር

ያን ጊዜ ሶዶ ውስጥ ያሉትን መኪኖች የከተማው ሰው በድምፃቸው ይለያቸው ነበር። አንዱ ከከተማው መሐል ከአራዳ ወደ ላይ ሲወጣ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ሳያየው «የእገሌ ነው» ይላል። እኔ የምነዳት የክሊኒካችን ላንድሮቨር ሳል እንደያዘው ሽማግሌ ስለምታጓራ ማንም አይሳሳታትም ነበር።

ስሜ ማርቆስ ነው። የተወለድኩት ወላይታ ውስጥ ዱቦ አጠገብ ነው። ወላይትኛ የእናቴ ቋንቋ ነው፤ አማርኛውን ከትምህርት ቤትና ከገበያ ለቃቅሜ አገኘሁት። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው፤ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ሥራዬ መድኃኒትና ሕክምና የሚሰጥ ድሬሰር ወደ ቆላ ማውረድ፣ የጠናበትን በሽተኛ ወደ ሶዶ ማውጣት ነበር። መንገዱ በክረምት ጭቃ ነው፣ በበጋ አቧራ ነው፣ ድንጋዩ ግን ወቅት አይመርጥም። ማታ ቤቴ ገብቼ እንኳ መሪው ከእጄ የወጣ አይመስለኝም፤ ጣቶቼ ይንቀጠቀጣሉ፣ ወገቤ አልታጠፍ ይላል። ያን ጊዜ ሚስት አላገባሁም። ለማግባትም ጉልበት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ዘመዴ መጋዘን ጠባቂ ሊያደርገኝ ቃል ስለገባልኝ የገና በዓል ሲያልፍ ሥራውን ለቅቄ ለመሄድ ቆርጬ ነበር። ለማንም አልነገርኩም፤ በልቤ ግን ከሶዶ ከወጣሁ ቆይቻለሁ።

የምነግራችሁ ነገር የደረሰው በዚያው ኅዳር ነው። ዝናቡ ቀድሞ ሄዶ ነበር፤ ወባዋ ግን አልሄደችም። ሁምቦ ቆላ ውስጥ አንድ መንደር ሙሉ ተኝቷል ተባለና ከድሬሰራችን ከቦጋለ ጋር ወረድን። ቦጋለ ነገር የማያበዛ፣ ሲናደድ ብቻ የሚቀልድ ቀጭን ሰው ነው። ስንደርስ በየጎጆው ደጃፍ ሰው ምንጣፍ ላይ ተጠቅልሎ በፀሐይ ይንቀጠቀጣል። ይዘነው የሄድነው ክኒን እንደማይበቃ ቦጋለ ገና ሦስተኛውን ቤት ሳይጨርስ አወቀ።

«ተመልሰን እንጫን» አለኝ። «አሁኑኑ።»

ከመንደሩ ወጥተን አንድ ደረቅ ወንዝ ስንሻገር መኪናዋ ከጉድጓድ ዘላ በአፍንጫዋ ወረደች። ሞተሩን የሚይዘው ጎማ ከእርጅና ብዛት ሳስቶ ኖሮ ሞተሩ ወደ ፊት ተወረወረ። ከኮፋኖው ሥር ቆርቆሮ በመጋዝ የሚቆረጥ የሚመስል ድምፅ መጣ። ወዲያው መስታወቱ በእንፋሎት ታፈነ።

ከፍቼ አየሁ። ማራገቢያው ራዲያተሩን ከመሐሉ ቦጭቆታል። ቀጫጭኖቹ የውሃ መስመሮች እንደተጎለጎለ አንጀት ተንጠልጥለዋል። ቦጋለ በትከሻዬ በኩል አጮልቆ አየና «መዳኑን እንጃ» አለ።

ከሩቅ ምንጭ ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች ቆሙ። ያን ወቅት ውሃ የሚገኘው ጠዋት ወጥተው ፀሐይ ስትበረታ በሚመለሱበት መንገድ ነው። ከመሐላቸው አንዲት አሮጊት ሸክሟን አውርዳ «ሃታ?» አለችኝ፤ ውሃ ነው ወይ የፈለግኸው ማለቷ ነው። ስሟ ጮራሜ እንደሆነ በኋላ ነው ያወቅሁት። መልሴን ሳትጠብቅ እንስራዋን አነሳችና በራዲያተሩ አፍ ላይ ዘነበለችው። ውሃው በላይ ገብቶ በታች ወጣ፤ አቧራው ጠጣው። ሁላችንም ቆመን ያን እርጥብ መሬት ተመለከትነው። ሌላዋ ሴት ደግሞ የራሷን ልታነሳ ጎንበስ አለች።

«ተዪው» አልኳት በወላይትኛ። «እናቶቼ፣ ተዉት። ይህች መኪና ጉሮሮ የላትም።»

«ታዲያ በምን ትወጣለች?» አለች ጮራሜ።

«በበሬ።»

እንደ ቀልድ ነበር የተናገርኩት። ሽማግሌዎቹ ግን ተማክረው ሁለት ጥማድ በሬ አመጡ። ቦጋለ ሳጥኑን ከመኪናዋ አውርዶ በትከሻው ያዘ።

«እኔ እቀራለሁ» አለኝ። «ያለውን ክኒን ለጠናባቸው እሰጣለሁ። አንተ ራዲያተር ፈልገህ፣ መድኃኒቱን ጭነህ ና።»

«ካላገኘሁስ?»

«ታገኛለህ አላልኩህም። ፈልግ ነው ያልኩህ።»

መኪና በበሬ ሲጎተት አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። መሪውን በአንድ እጄ በመስኮት እንደያዝኩ ከጎኗ እሄዳለሁ፤ ሽቅብ ሲሆን እኔም እገፋለሁ። በሬዎቹ ሲቆሙ እቆማለሁ፣ ሲተነፍሱ እተነፍሳለሁ። ዋናው መንገድ ላይ ጥጥ የጫነ ካሚዮን አግኝቶን በሰንሰለት አስሮ ሶዶ አወጣኝ። ሲመሽ አልጋዬ ላይ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ወደቅሁ።

በማግስቱ ጠዋት መካኒኩ ጋሽ አባተ ራዲያተሩን አውጥቶ መሬት ላይ አጋደመው። ጋሽ አባተ የጣሊያን ካሚዮን እየፈታ ያደገ፣ የሶዶ መኪና ሁሉ በእጁ ያለፈ ሰው ነው። በጫማው ጫፍ ነካ አደረገውና «ይኼ አይበየድም» አለ። «ቀዳዳ ቢሆን እስታኞ አቅልጬ እደፍንልሃለሁ። ይኼ ግን ቀዳዳ ብቻ ነው የቀረው።»

«ከአዲስ አበባስ?»

«መልእክት ይሄዳል፣ ይፈለጋል፣ በካሚዮን ይጫናል። ሻሸመኔ ላይ ያድራል፣ ይረሳል። ሳምንታት ነው የምልህ።»

ለክሊኒኩ ሐኪም ሄጄ ነገርኩት። ሐኪሙ የደከመ ዓይኑን እያሸ ሰማኝና «ሳምንታት የለንም» አለኝ። «እዚሁ ፈልግ። እኔ ስለ ራዲያተር አላውቅም። የምትነዳው አንተ ነህ፤ አንተ ምረጥ፤ የመረጥከውን እቀበላለሁ።»

ምረጥ የሚለው ቃል እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ብሳሳት ቁልቁለቱ መሐል የምቆመው እኔ ነኝ፤ ከታች የሚጠብቀው ደግሞ ቦጋለ ነው።

ሶዶ ውስጥ የነበሩት ራዲያተሮች ሁለት ነበሩ። አንደኛው አራዳ ላይ አንድ ነጋዴ ሱቅ ተሰቅሏል፤ ከቤት መኪና የወጣ፣ አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ። ሁለተኛው እንደ እኛው ካለ ላንድሮቨር ላይ ነው፤ ልኩ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ግን የሚገኘው እትዬ የሺ ግቢ ውስጥ ነው። ጋሽ አባተ የሁለተኛውን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

የእትዬ የሺን ታሪክ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ባላቸው ጋሽ ታደሰ በሶዶ ከቀደሙት ሾፌሮች አንዱ ነበር። የአንድ ጥጥ ነጋዴ ላንድሮቨር እየነዳ ሁምቦ ጠመዝማዛው ላይ ተገልብጦ ሞተ። ነጋዴው ስባሪውን እንደ ካሳ ይሁን እንደ ውዳቂ ሳይታወቅ ግቢያቸው አስጎትቶ ትቶላቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል። ዕቃ ፈልጎ የሄደውን ሁሉ እትዬ የሺ ከበር እንደሚመልሱት ይወራል።

ቢሆንም ሄድኩ። ግቢያቸው ንጹሕ ነበር። መኪናው ፊቱን ወደ ቤቱ በር አዙሮ ቆሟል። ጎማ የለውም፣ ወንበር የለውም፣ ከኋላው የተረፈ ነገር የለም። ፊቱ ግን ሙሉ ነው። መብራቶቹ፣ የፊት ሽቦው፣ ከሽቦው ኋላ ደግሞ ራዲያተሩ። አቧራ እንኳ አልነበረበትም፤ ይወለወላል ማለት ነው።

እትዬ የሺ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ጥቁራቸውን ገና አላወለቁም።

«እንደምን አደሩ እትዬ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ፈለግህ?»

«ማርቆስ እባላለሁ፤ የክሊኒኩ ሾፌር ነኝ። ራዲያተራችን ተበላሽቶ…»

«የለም» አሉ ቀና ሳይሉ።

«እትዬ፣ ለራሴ አይደለም። ታች ብዙ ሰው ታሟል።»

ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «የታደሰ አርባ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጎማዎቹ አልነበሩም። በሰማንያው ወንበሩን ወሰዱት። እኔ ውስጥ እያለቀስኩ እነሱ ከደጅ ብሎን ይፈታሉ። አንድም ሰው እትዬ ይፈቀድልኛል ወይ አላለኝም። ዝም አልኩ። ምን አቅም ነበረኝ? አሁን የቀረኝ ፊቱ ነው። ከዚህ ሆኜ ሳየው ገና አሁን አቁሞ የወረደ ይመስለኛል። እሱን ነው ስጪኝ የምትለኝ?»

ሰፌዱን መልሰው አነሱ።

«ለመሆኑ ታች የምትለው የት ነው?»

«ሁምቦ።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ሂድ» አሉኝ። «በእግዜር ይሁንብህ፣ ሂድ።»

ሄድኩ። ብዙ ልለምን እችል ነበር፤ ግን ድካም ልመናንም ያሳጥራል። ደግሞም እውነታቸውን ነበር።

የቀረው የሱቁ ራዲያተር ነው። ነጋዴው ሞክራችሁ ውሰዱ ብሎ ሰጠን። ለዓይን ያማረ ነው፤ ያብረቀርቃል፤ አንድ ቦታ አልተጋጨም። ጋሽ አባተ ግን ከጎኑ አዞረና ውፍረቱን በሁለት ጣቱ መካከል ያዘልኝ። የእኛ ውፍረቱ የእጅ መዳፍ ያህላል፤ ይኼ ግማሹ ነው። የሚይዘው ውሃ ትንሽ፣ አየር የሚመታው ገላውም ትንሽ ነው።

«ለአራዳ ይበቃል» አለ። «ለሁምቦ አላውቅም።»

«እንሞክረው» አልኩ። ሌላ ምን ምርጫ ነበረኝ?

ረፋዱን ሙሉ ስናስተካክል ቆየን። ቱቦዎቹ አልገጠሙምና ከካሚዮን ጎማ ቆርጠን አጠበብናቸው። መያዣ ብረቱን ጋሽ አባተ ቀጥቅጦ ሠራ። ሞልተን፣ አስነስተን፣ ወደ ዳሞታ ተራራ በሚወስደው ዳገት ወጣሁ። በደጋ አየር፣ ባዶ መኪና፣ ነፋስ እየነፈሰ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ የሙቀት መርፌው ቀዩን ነካ። አቆምኩና ኮፋኖውን ከፈትኩ፤ ውሃው እንደ ማሰሮ ይንተከተካል። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። እዚህ የፈላ፣ ሁምቦ ቆላ ምን ይሆናል? ከዚያ ተራራ ላይ ቆላው በጭጋግ ውስጥ ይታያል። ቦጋለ እዚያ ውስጥ የሆነ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ያለው መጋዘን ትዝ አለኝ፤ ጥላ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ መዋል። እንደዚያን ሰዓት ተመኝቼው አላውቅም።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ፣ ሳላስነሳው ቁልቁል ተንሸራትቼ ወደ ጋሽ አባተ ተመለስኩ። እትዬ የሺ ጋራዡ በር ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል።

«ወደ ሁምቦ ነው ያልከኝ?» አሉኝ ሳልወርድ።

«አዎ እትዬ።»

«ከሄድክ በኋላ ምስሩን መልቀም አልቻልኩም» አሉ። «ታደሰን ከዚያ ገደል አውጥተው በቃሬዛ ተሸክመው እስከዚህ ያመጡት የሁምቦ ሰዎች ናቸው። እኔ ከራሴ አልነበርኩም። ፊታቸውን አላየሁ፣ ውሃ አላጠጣኋቸው፣ አመሰግናለሁ አላልኳቸው። አስረክበው በመጡበት እግር ተመለሱ። ያንን ያህል ዳገት ሬሳ ተሸክመው! አሁን የታመሙት እነሱ ይሆኑ እንዴ ብዬ ነው።»

«ይሆናሉ እትዬ።»

«እንግዲያው ና፣ ፍታው። ግን ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛ፣ በኃይል እየጎተታችሁ እንዳትሰብሩት። ሁለተኛ፣ አብሬህ እወርዳለሁ።»

ጋሽ አባተ ቆላ ነው፣ በሽታ ነው ብሎ ሊከራከር ጀመረ። አንድ ጊዜ ብቻ አዩት። ተወው።

ብሎኖቹን እኔ ነኝ የፈታሁት። ዝገት ስለያዛቸው ዘይት እየቀባሁ፣ እየጠበቅሁ፣ ቀስ እያልኩ። እትዬ የሺ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቤት ውስጥ ቆዩ። ስናወጣው ከጋሽ ታደሰ ጊዜ የቀረ ጥቂት ዝገት የበላው ውሃ መሬት ላይ ፈሰሰ። ጋራዥ ወስደን በርሜል ውሃ ውስጥ ነከርነው። ጋሽ አባተ አንዱን አፍ በጨርቅ ወትፎ በሌላው በጎማ መንፊያ አየር ሰጠው። ትንፋሼን ይዤ ውሃውን አያለሁ። ከታችኛው ማዕዘን አንዲት ትንሽ የአረፋ መስመር ወጣች። ሌላ የለም።

«አንዲት ናት» አለ ጋሽ አባተ። «ትዘጋለች።» በእስታኞ ዘጋት። እንደገና ነከርነው። ውሃው ዝም አለ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መልኩ የሚያስጠላ ነበር። አንድ ጎኑ ተጨራምቷል፣ ቀለሙ ተላልጧል። ከሱቁ ራዲያተር ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጥ የማያውቅ ሰው አይነካውም። ግን ወፍራም ነው፣ ልኩ ነው፤ ያንኑ ዳገት ብዙ ጊዜ ወጥቶበታል። እሱን መረጥኩ።

በማግስቱ ሲነጋ ወረድን። ከኋላ የመድኃኒት ሣጥኖች፣ ሁለት በርሜል ውሃ፣ እትዬ የሺ ሲጋግሩ ያደሩት ዳቦና አንድ ከረጢት ጨው። እሳቸው ጋቢና አጠገቤ ተቀምጠዋል። ብዙ አልተነጋገርንም። ዓይኔ ከመርፌው አይነቀልም። ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ፤ መርፌው መሐል ላይ ቆሞ ቀረ።

ጠመዝማዛው ጋ ስንደርስ ሳይነግሩኝ አቆምኩ። «እዚህ ነው» አልኩ። ወርደው ጫፉ ድረስ ሄዱ። ከታች ድንጋይና ቁጥቋጦ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። እትዬ የሺ አማተቡ። ትንሽ ቆይተው ተመለሱና በሩን ዘጉ። «ባዶ ቦታ ነው» አሉኝ። «እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን እንደመሰለኝ አላውቅም።»

መንደሩ ስንደርስ ቦጋለ ሊቀበለን አልወጣም። አንድ ጎጆ ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል፤ እሱንም ወባዋ ይዛዋለች። ሣጥኑ አጠገቡ ነው፤ ባዶውን። የመጨረሻዎቹን ክኒኖች ለሰው ሰጥቶ ለራሱ አላስቀረም።

«አገኘህ?» አለኝ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

«አገኘሁ።»

«ዘገየህ» አለኝ። ከዚያ «ሁለት ሕፃናት ቀብረናል» አለ።

ይህን ሲለኝ ወቀሳ አልነበረበትም። ሣጥኖቹን ተሸክሜ ገባሁ። እትዬ የሺ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ቦጋለ ተኝቶ መጠኑን ይነግረናል፤ እሳቸው ውሃ ያቀርባሉ፣ እኔ ክኒኑን እየሰጠሁ በወላይትኛ አስረዳለሁ። ከቤት ወደ ቤት እንዲህ ዋልን። እግሬ ከምን እንደተሠራ አላውቅም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር አረፍን። እትዬ የሺ ዳቦውን ቆርሰው ለሽማግሌዎቹ አደሉ። «ንገርልኝ» አሉኝ። «በቃሬዛ ያመጣችሁት ሰውዬ ሚስት ናት በላቸው። ያን ጊዜ ሳላመሰግናችሁ ቀርቻለሁ ትላለች በላቸው።»

ተረጎምኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ራሱን ነቀነቀ። ከሴቶቹ መሐል ግን ጮራሜ፣ ያቺ ውሃዋን ያፈሰሰችልኝ አሮጊት፣ ብድግ ብላ መጣችና እትዬ የሺ ፊት ተቀመጠች። ፊታቸውን ትኩር ብላ አየች።

«ሚስቱ ናት?» አለችኝ በወላይትኛ።

«ናት።»

«እንግዲያው የእሷ የሆነ ነገር እኔ ዘንድ አለ» አለች። «ሲወድቅ በመጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ። አልሞተም ነበር።»

ለእትዬ የሺ ሁሉም የነገራቸው ወዲያው ሞተ ብሎ ነው። እንዴት አድርጌ ልናገረው? ዓይናቸው ግን ዓይኔ ላይ ነው። ተረጎምኩት።

እትዬ የሺ አልጮሁም። «ጠይቅልኝ» አሉ በቀስታ። «ብዙ ተሠቃየ?»

ጮራሜ መለሰች፤ እኔም ቃል በቃል እንዲህ አልኳቸው፦ «ፀሐይ ከዚያ ኮረብታ እስከዚህ ዛፍ ድረስ እስክትመጣ ቆየ። ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ውሃ ሰጠሁት። ብቻውን አልነበረም። ቋንቋውን አላውቅም፤ ግን አንድ ነገር ደጋግሞ አለኝ። ጸሎት ይሁን፣ ስም ይሁን አላወቅሁም። ለባለቤቱ እሰጠዋለሁ ብዬ እንዳይጠፋኝ ውሃ ስቀዳም እንጨት ስለቅምም በአፌ ስለው ኖርኩ።»

ከዚያ ጮራሜ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ትምህርቱን እንደሚያነብ ተማሪ፣ ትርጉሙን በማታውቀው ቋንቋ እንዲህ አለች፦

«የሺ። ዝጊ። ተኚ።»

ልተረጉም አፌን ከፈትኩ፤ መተርጎም እንደማያስፈልግ የገባኝ አፌን ከከፈትኩ በኋላ ነው። እትዬ የሺ ሰምተዋል።

እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ የመሳቅ ያህል ትንፋሽ ወጣቸው፤ እንባውም አብሮ መጣ።

«መንገድ ላይ የሚያድር ሲሆን» አሉኝ፣ «ወደ ሶዶ በሚወጣ ሰው ሁሉ ይልክብኝ ነበር። የሺን በሩን ዘግታ ትተኛ በሏት፣ ዛሬ አልመጣም ይል ነበር። የዚያን ዕለት ማንም አልመጣልኝም። በሩን ከፍቼ ተቀምጬ ነው ያደርኩት። ምነው ዛሬ ሳይልክብኝ ቀረ እያልኩ ስናደድበት ነው ያደርኩት።» ወደ ጮራሜ ዞሩና እጇን ያዙ። «ልኮብኝ ኖሯል።»

እነዚያ ሁለት ሴቶች አንዲት የጋራ ቃል አልነበራቸውም። እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ጥላው እስኪረዝም ተቀመጡ። እኔ ተነስቼ መኪናዋ ላይ ውሃ ጨመርኩ፤ አልጎደላትም ነበር፣ ግን እዚያ መቀመጥ አልቻልኩም።

እዚያው አድረን በማግስቱ ቦጋለንና ሁለት የጠናባቸውን ጭነን ወጣን። ያንን ዳገት መኪናዋ ሳትፈላ ጨረሰችው። ቦጋለ ቀስ እያለ ዳነ፤ ቀልዱ ግን ብዙ ቆይቶ ነው የተመለሰው። እትዬ የሺ በሳምንቱ ጋሽ አባተን ጠርተው ከመኪናው የሚጠቅመውን ሁሉ ፈትቶ እንዲወስድ ነገሩት። በየዓመቱ ኅዳር ሲመጣ አንድ ከረጢት ጨው ይዘው ክሊኒኩ በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ወደ ጮራሜ አወርዳቸው ነበር።

ከአንባቢዎቼ መሐል ያንን ራዲያተር የት አደረስከው የሚል ሰው አይጠፋም። ብዙ ካገለገለ በኋላ እሱም እንደ ማንኛውም ዕቃ ተበሳና በአዲስ ተለወጠ። የት እንደተጣለ አላውቅም።

አዲስ አበባ አልሄድኩም። ሥራው በድንገት ስለጣመኝ ነው እንዳትሉኝ። እስከ ጡረታዬ ድረስ ደክሞኛል፤ ወገቤ ዛሬም የሚነግረኝ እሱን ነው። ግን ከዚያ በፊት መንገድ ዳር ቆሞ «ለእገሌ ይህን በልልኝ» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ፣ እሺ ብዬ ነድቼ እረሳው ነበር። ሾፌር ሁሉ እንደዚያ ነው። አንድ ሰው የሌላውን ሰው ሦስት ቃል፣ ትርጉሙን እንኳ ሳያውቅ፣ ሁለት ዓመት ሊሸከመው እንደሚችል ካየሁ በኋላ ግን አልቻልኩም። መቆም ጀመርኩ። ማለትህ ምንድን ነው፣ ለማን ነው፣ ቤቷ የት ነው ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። ሚስቴንም ያገኘኋት ለወንድሟ መልእክት አድርሼ ነው፤ እሱን ሌላ ጊዜ የሚጠይቀኝ ካለ እነግራለሁ።

ብዙዎቹ መልእክቶች ተራ ነገሮች ናቸው። አንድ ቅዳሜ አንድ ገበሬ ሁምቦ ላይ አስቆመኝና ሶዶ ሰንብታ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ ሚስቱን ላሚቱ ወልዳለች እንድላት ላከኝ። ሙሉ ቀን ስነዳ ውዬ ነው የደረስኩት። ዓይኔ ይጨፈናል። በዚያ ሁሉ ቅቤ ሻጭ መሐል ስሟን እየጠራሁ ስዞር ቆየሁ። በመጨረሻ ጥግ ላይ አገኘኋት።

«ላሚቱ ወልዳለች ብሏል» አልኳት።

«ጥጃው ወንድ ነው ሴት?» አለችኝ።

አልጠየቅሁትም ነበር። በማግስቱ ስወርድ ጠይቄ፣ ተመልሼ ነገርኳት።